ሥራውን ነው ወይስ ካባውን?



የመዋዕለ ሕፃናት ምረቃ ታድሞ የማያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። በሰኔ መጨረሻ ስድስት ዓመት የሞላቸው ልጆች ጋውን ለብሰው፣ ባለዘርፍ ቆብ ደፍተው፣ በሙዚቃ ታጅበው ይገባሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ልብስ ቀይረው ይመጣሉ፤ አንዱ ነጭ ካፖርት አጥልቆ የፕላስቲክ ማዳመጫ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፣ ሌላዋ ትከሻው ላይ ወርቃማ መስመር ያለበት ሸሚዝ ለብሳ ኮፍያው ዓይኗን ሸፍኗታል። መምህርቷ ማይክራፎኑን ታስጠጋለች። «ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» «ዶክተር!» ይጨበጨባል። «ፓይለት!» እልል ይባላል። እንዲህ ባለ ዝግጅት ላይ አንድ ልጅ ተራው ደርሶ «የባጃጅ ሹፌር» ሲል ሰምቻለሁ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። መምህርቷም ሳቋ አመለጣት፤ ጎንበስ ብላ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ሹክ አለችው። ልጁ ማይክራፎኑን እንደገና ያዘና «ፓይለት» አለ። ከሁሉም የበለጠ የተጨበጨበው ለእሱ ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ሳቅ ነው። እዚያ መድረክ ላይ ከወጡት ልጆች መካከል አንድን ሥራ ሲሠራ አይቶ የጠራው ያ ልጅ ብቻ ነበር። ባጃጁ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ሲዞር፣ ሹፌሩ ባንድ እጁ እየነዳ በሌላው መልስ ሲቆጥር፣ ዝናብ ሲመጣ የጎኑን ላስቲክ ሲያወርድ በየቀኑ ያያል። ሌሎቹ የጠሩት ስም ነው። ዶክተርን የሚያውቁት ያስለቀሳቸው ዕለት ነው፤ ፓይለትን ጭራሽ አይተውት አያውቁም። ልጁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የተረዳውን እኛም በየተራችን ተረድተነዋል፤ ትልልቅ ሰዎች «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ሲሉ «ምን ሆነህ ብናይህ ደስ ይለናል?» ማለታቸው ነው። የሕልም ሥራ የሚባለው ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ከሥራው ይልቅ ሥራውን ከሚያየው ሰው ዓይን።

ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል። ሰውም የሚያልመው የጎደለውን ነው። ስለዚህ አንድ ዘመን ምን እንደጎደለው ለማወቅ ብትፈልጉ ወላጆች ለልጆቻቸው የተመኙትን ሥራ ተመልከቱ። ለአያቶቻችን አያቶች ሥራ ማለት ከላይ ሆኖ ማዘዝ አልነበረም፤ ማዘዝ ሹመት ነው፣ ሥራ ደግሞ ገበሬውና ባለእጁ የሚሠራው። የሚታለመው ሹመት ነበር፤ ካባ መልበስ፣ በበቅሎ መሄድ፣ ከኋላ አጀብ ማስከተል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን አባባል ሁልጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ሙስና ስናወራ ነው። እኔ ግን ፍርሃትም ይታየኛል። ንጉሥ የሰጠውን ንጉሥ ይነሳል፤ ዛሬ የተሾመው ነገ ሊሻር ይችላል። በዚያ ዘመን ከሹመት ውጭ ያለው ሰው ግብር ከፋይና አቤት ባይ ነበርና ሰው ሁሉ ሹመትን ቢመኝ የሚገርም አይደለም። የሚመኘው ከሌላ ሰው እጅ መውጣትን ነው።

የዚህ ምኞት ሌላው ፊት አስቀያሚ ነው። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፣ ካባውንና ሸማውን የሚሠራው፣ ቆዳውን የሚያለፋው፣ ምጣድና እንስራ የምትሠራው ሰው «ቡዳ» እየተባለ ይሰደብ፣ በጋብቻም ይገለል ነበር። ነገሩ እጅግ ከመክፋቱ የተነሳ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጅ የሚወጣው ልማዱ ሥር ሲሰድ ነው። በዚያው ዘመን እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው በዋናነት የውጭ አገር ቋንቋ ነበር፤ መንግሥት አስተርጓሚና ጸሐፊ ይፈልግ ነበርና። ቀስ በቀስ ካባው ወደ ኮትና ክራባት፣ በቅሎው ወደ መሥሪያ ቤት መኪና ተለወጠ። ትምህርት ከእርሻ መውጫ መንገድ ሆነ፤ ወደ ተሻለ እርሻ፣ ወደ ተሻለ ብረት ሥራ የሚመራ መንገድ አልሆነም። ከንጉሡ ዘመን አንስቶ በደርግ ጊዜም ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው ሥራ ፈልጎ አይንከራተትም ነበር፤ ደርግ እንዲያውም ተመራቂውን ራሱ ይመድበው ነበር። ዲግሪና ደመወዝ አንድ ነገር መስለው በወላጆቻችን አእምሮ የተጣበቁት በእነዚያ ዓመታት ነው። ምደባው ከቀረ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ማጣበቂያው ግን ገና አልለቀቀም።

ፓይለትነት የራሱ ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 ማብቂያ ላይ በአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ እገዛ ተቋቋመ፤ በተከታዩ ዓመት ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያው አውሮፕላን በአስመራ በኩል ካይሮ በረረ። ያኔ አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመንገደኛ አውሮፕላን ያዘዙ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። አስቡት፤ አብዛኛው ሕዝብ በእግሩና በአጋሰስ በሚሄድበት አገር፣ ፈረንጅ ብቻ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ያገር ልጅ ተቀመጠ። ያ ወንበር ከሥራነት አልፎ ምልክት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በካፒቴን አምሳለ ጓሉ የተመራና ሠራተኞቹ በሙሉ ሴቶች የሆኑበት በረራ ከአዲስ አበባ ባንኮክ ሲደርስ ስንት ልጃገረዶች ያን ኮፍያ እንደተመኙ መገመት አያዳግትም። የዚያ ኮፍያ ሕልም በከንቱ አልመጣም፤ የሚታይ ሰው ነው የሕልም አባት።

አሁን ግን የአብራሪውን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እንይ። ማክሰኞ የምለው ያለ ነገር አይደለም፤ ማክሰኞ በዓልም ደመወዝም የሌለበት፣ የሳምንቱ መጀመሪያ ጉጉትም የአርብ ደስታም የማይነካው ቀን ነው። አንድ አብራሪ በዚያ ሰዓት ሌላ አገር ሆቴል ውስጥ መጋረጃ ዘግቶ እንቅልፍ ሊለምን ይችላል፤ ሌሊት ይበራልና። አለዚያም መስኮት በሌለው ክፍል፣ በሲሙሌተር ውስጥ፣ አንድ ሞተር ሲጠፋ፣ ቀጥሎ እሳት ሲነሳ፣ ቀጥሎ ማኮብኮቢያው በጉም ሲሸፈን እየተፈተነ ነው። ይህ ፈተና በዓመት ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፤ የጤና ምርመራውም እንደዚያው ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል። ደም ግፊቱ ከፍ ካለ ወንበሩ ይቀራል። ይህን ሁሉ አውቆ፣ ያን የሲሙሌተር ክፍል ወድዶ የሚገባ ሰው አለ። እሱ ሥራውን ነው የሚፈልገው። ሌላው የሚፈልገው ሻንጣ እየጎተቱ በአየር ማረፊያ አዳራሽ ማለፍን ነው፤ እሱም አይፈረድበት፣ በእርግጥም ያምራል።

ከሥራው ይልቅ ካባውን መመኘት የእኛ አገር በሽታ ብቻ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ የኩዊንስላንድ ግዛት የቱሪዝም መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ «የዓለም ምርጥ ሥራ» ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። በሃሚልተን ደሴት ለስድስት ወር የደሴት ጠባቂ ይፈለጋል፤ ዓሣ መመገብ፣ የመዋኛ ገንዳ ማጽዳት፣ ፖስታ ማመላለስ፣ ያዩትን በኢንተርኔት መጻፍ። ክፍያው 150,000 የአውስትራሊያ ዶላር፣ መኖሪያው ባሕር የሚያይ ቪላ። ከመላው ዓለም ከ34 ሺህ በላይ ሰው አመለከተ። ልብ በሉ፤ ገንዳ ማጽዳትን በሕይወቱ የተመኘ ከእነዚህ ውስጥ ስንት ይኖር ይሆን? ያመለከቱት ከአለቃቸው፣ ከመንገድ መጨናነቅ፣ ከክረምት ብርድ ለመሸሽ ነው። አሸናፊው ቤን ሳውዝሆል የተባለ እንግሊዛዊ ሆነ። ሥራው ሲጀመር ግን ከጋዜጠኛ ጋዜጠኛ፣ ከደሴት ደሴት፣ ከካሜራ ካሜራ የሚያሯሩጥ ሆኖ ተገኘ፤ ራሱም ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ሥራ እንደበዛበት ተናግሯል። ሊጨርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደግሞ ኢሩካንጂ የምትባል ጥፍር የማታክል መርዘኛ ጄሊፊሽ ነድፋው ሐኪም ዘንድ ሄደ። መሥሪያ ቤቱ ግን የፈለገውን አግኝቷል። ደሴቱን የሚጠብቅ ሰው ሳይሆን ደሴቱን የሚያስተዋውቅ ሰው ነበር የቀጠረው።

ወደ አገራችን ልመለስ፤ ስለ ሩጫ ሳላወራ ብወርድ ትታዘቡኛላችሁ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ሩጫ ሥራው አልነበረም፤ ሥራው የክብር ዘበኛ ወታደርነት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የአንዱ ድል ለሌላው ሕልም እየሆነ ተያያዘ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አርሲ ውስጥ ልጅ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1980 ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ሲያሸንፍ በሬዲዮ እንደሰማ ደጋግሞ ተናግሯል። ከዚያው ከአርሲ፣ ከበቆጂ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና በአሥር ሺህ ሜትር ወርቅ አጠለቀች። ከዚያ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ተከተሉ። አንድ ደጋማ ከተማ፣ ያውም ትንሽ ከተማ! ስለ ከፍታው፣ ስለ አየሩ፣ ስለ አሠልጣኙ ስንታየሁ እሸቱ ትጋት ብዙ ተብሏል፤ ሁሉም እውነት ነው። እኔ አንድ ልጨምር፤ በቆጂ ውስጥ ያደገ ልጅ ሻምፒዮኗን ከማየቱ በፊት የእናቷን ቤት ያውቃል፣ ስትለማመድ የወጣችበትን ዳገት ያውቃል፣ ላቧን አይቷል። ለእሱ ሩጫ እንደ ባጃጁ ልጅ ሕልም ነው፤ በዓይን የታየ ሥራ።

ይሁንና በእንጦጦ፣ በሱሉልታና በሰንዳፋ ንጋት ላይ የሚወጡት ሁሉ ኃይሌ አይሆኑም። በትልልቅ የማራቶን ውድድሮች ከፊት ከፊት የሚሮጡ፣ የሩጫውን ፍጥነት የሚጠብቁ፣ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ደርሰው ወደ ጎን የሚወጡ ሰዎች አሉ፤ አሯሯጭ ይባላሉ። ካሜራው እነሱን ትቶ ያልፋል። «ሳድግ አሯሯጭ እሆናለሁ» ያለ ልጅ ግን ሰምቼ አላውቅም። ግን እኮ ሥራው ያው ሩጫ ነው! በሰዓትና በሜትር የተለካ፣ ክፍያው በውል የታወቀ፣ እጅግ ከባድ ችሎታ የሚጠይቅ። ሩጫን የሚወድ ሰው በአሯሯጭነትም ይደሰታል፤ ሜዳሊያን የሚወድ ግን ያ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ያቃጥለዋል። ሰውየው የትኛውን እንደሚወድ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

ዶክተርነትን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ከሁሉም በላይ የምንመኘው እሱ ስለሆነ ነው። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሙያውን አልመው አላገኙትም። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ውድቀት በኋላ በልጅነታቸው በእንግሊዝ ጦር እጅ ገብተው ሕንድ ተወሰዱ፤ ቻርለስ ማርቲን የሚል ስም ወጣላቸው፣ እዚያው ተምረው ሐኪም ሆኑ፣ በርማም ሠሩ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ አገራቸው ገቡ። «ሳድግ ዶክተር እሆናለሁ» እንዳይሉ የሚያዩት ኢትዮጵያዊ ዶክተር አልነበረም። ዛሬ ግን ይህ ሙያ የቤተሰብ ስለት ሆኗል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ ከፍ ያለ ልጅ «ሕክምና አልፈልግም፣ ታሪክ ነው የምወደው» ቢል አጎት ከሐዋሳ ተጠርቶ ይመጣል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ «ምን አስነኩት?» ይባላል።

ይህ ልጅ ገብቶ ኢንተርን የሚሆንበትን ማክሰኞ ታውቁታላችሁ? ሰኞ ጠዋት ገብቶ ዱቲ ያደረ ነው። ሲኒየሮቹ ራውንድ ሲያደርጉ የሃያ በሽተኛ ካርድ በቃሉ ይዞ ያስረዳል። ደም ይቀዳል፤ ብልቃጡን ራሱ ላቦራቶሪ ያደርሳል፤ ውጤቱን ራሱ ያመጣል። ከአስታማሚ ጋር ስለ መድኃኒት ዋጋ ይነጋገራል፤ መድኃኒቱ ከውጭ ይገዛ ሲል ያ አስታማሚ ኪሱን ሲዳብስ ያያል። ምሳውን ቆሞ ይበላል። ከነጩ ጋውን ኪስ ውስጥ ጓንት፣ የደረቀ እስክሪቢቶና ግማሽ ዳቦ ይወጣል። ከዚያ ሁሉ በኋላ የሚከፈለው ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም። መንግሥት የሐኪም እጥረቱን ለመሙላት በ2004 ዓ.ም. 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከፈተ፤ ዓመታት አልፈው ደግሞ ተመርቀው ቅጥር የሚጠብቁ ሐኪሞች አየን። በሽተኛው አላነሰም፣ በጀቱ ግን አልበቃም። ይህን ሁሉ ሲያልፍ የማይማረር ሐኪም አይቻለሁ፤ አስገራሚ ሰው ነው፤ ስለ አንድ የልብ ድምፅ ሲያወራ ሰዓቱን ይረሳል። እናቱ በእሱ የኮራችው ግን ስለ ልብ ድምፁ አይደለም፤ ጎረቤቱ «የዶክተሩ እናት» ብሎ ስለሚጠራት ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ እናት መኩራቷ ምን ነውር አለው?» እንደምትሉኝ ይገባኛል። ምንም ነውር የለውም። የግል ፍላጎትህን ተከተል የሚል ምክር የሚመጣው ብዙ ጊዜ የጡረታ ዋስትናና የጤና መድን ካለበት አገር ነው። በእኛ ዘንድ አንድ ልጅ ሥራ ሲይዝ የእህቱ ትምህርት፣ የአባቱ መድኃኒት፣ የጣሪያው ቆርቆሮ አብሮ ይቀጠራል። ሕልሙ የእሱ ብቻ አይደለም፤ እንደ ዕቁብ ነው፤ ሁሉም ጥሎበታል፣ ዕጣው የሚወጣው ግን በእሱ ስም ነው። ስለዚህ ካባውን መመኘት ሞኝነት ነው አልልም። ካባ ብርድ ይከላከላል። እኔ የምቃወመው ካባውን ለመልበስ የሚከፈለውን ሠላሳ ዓመት የሚከፍለው ልጁ ብቻውን መሆኑን፣ ይህንንም አስቀድሞ የሚነግረው ሰው አለመኖሩን ነው።

የባሰው ሕልም ሥራ የሌለበት ሕልም ነው። «ውጭ መውጣት» የሚለውን ተመልከቱት፤ ቦታ እንጂ ሥራ የለበትም። ወደ ዓረብ አገር የምትሄደው ልጅ የምታልመው ለእናቷ የምታሠራውን ቤት ነው፤ በሰው ቤት የምትነሳበትን ሰዓትና የምትተኛበትን ክፍል ደርሳ ነው የምታየው። ዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ አገር ቤት መሐንዲስ ወይም መምህር የነበረ ሰው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ወይም ታክሲ ላይ ታገኙታላችሁ፤ አሁን አሁን የሚመኘው የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ወይም የነርስነት ፈቃድ ሆኗል። ትዝብቴን ልናገር? እነዚህ ሰዎች ሥራን ሲመርጡ ከእኛ ይልቅ አስተውለው ነው የሚመርጡት። ሰዓቱን ይጠይቃሉ፣ ክፍያውን ያሰላሉ፣ ወገብ ያማል ወይ ይላሉ። ሳቁ የሚፈራ ጎረቤት በሌለበት ጥያቄው ራሱ ይለወጣል።

የሕልሙ ጠባብነት በቁጥር ተለክቷል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት በ41 አገሮች የሚኖሩ የ15 ዓመት ልጆች በሠላሳ ዓመታቸው ምን እንደሚሠሩ ተጠይቀው፣ ከወንዶቹ 47 በመቶ፣ ከሴቶቹ 53 በመቶ የጠሩት አሥር ሥራዎችን ብቻ ነው። ዓለም በሺህ የሚቆጠር ሙያ አለው፤ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ያዩት አሥር ነው። ኢትዮጵያ በዚያ ጥናት ውስጥ የለችም። የእኛን ጠባብ በር ግን ከፈተናው እናውቀዋለን፤ በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። የተቀሩት ወጣቶች «ወደቁ» ተባሉ። ከዚያ ቴክኒክና ሙያ የሚገባው የወደቀ ሰው ይመስል በሩን አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። የምኒልክ አዋጅ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል!

በየስልካችሁ የአንድ ጥሩ ቧንቧ ሠራተኛ ቁጥር አለ። ለጎረቤት ስትሰጡ እየሳሳችሁ ነው፤ እንዳይወሰድባችሁ ትፈራላችሁ። ሲመጣ ቡና ይፈላለታል፣ «ወንድሜ» ይባላል፣ ዋጋ ሲቆርጥም ብዙ አትከራከሩትም፤ ውኃው ሳሎን ገብቷልና። ሴት ልጃችሁን ሊያገባ ሽማግሌ ቢልክ ግን መጀመሪያ የምትጠይቁት «ምን ተምሯል?» ብላችሁ ነው። ልጁ የዘመኑን ቧንቧ መበየድ፣ የግፊት ፓምፕ መግጠም፣ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ መዘርጋት ተምሯል። እኛ ግን የምንጠይቀው ሌላ ነው።

ወላጆች «ልጃችን ምን ይሁን?» ሲሉኝ እኔ የምመልሰው አንድ ተግባራዊ ነገር ብቻ ነው። ልጁ የሚመኘውን ሥራ የሚሠራ ሰው ፈልጉ፤ ዘመድ ይሁን፣ ጎረቤት ይሁን፣ የሰፈር ልጅ ይሁን። ስለ ደመወዙና ስለ ክብሩ አትጠይቁት፤ እሱን ሁሉም ያወራል። ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ምን ሲሠራ እንደዋለ ጠይቁት፤ ልጁ አጠገባችሁ ተቀምጦ ይስማ። ሰውየው ሲመልስ ዓይኑ ከበራ፣ ልጁም ሳይሰለች ከጠየቀ፣ ጥሩ ነው። ሁለቱም ካዛጉ ደግሞ ሌላ ሰው ጋ ሂዱ።

የተሰጠኝ ሰዓት ስላለቀ እዚሁ እንሞክረው። ከመካከላችሁ ነርስ፣ ብየዳ ሠራተኛ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሹፌር፣ መምህር እንዳላችሁ አውቃለሁ። ማይክራፎኑ ከበሩ አጠገብ ካለው ወጣት ዘንድ ነው። ፈቃደኛ የሆነ ይነሳና የማክሰኞ ከሰዓቱን ያውራልን፤ ከዚያ በኋላ የእኔ ማክሰኞ ምን እንደሚመስል መጠየቅ ትችላላችሁ።